ሽማልን ሸማል ብሎ ስለ ዘመተው ስለ ለገሠ የተጻፈ ዜና

በዘመነ ማቴዎስ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኀ ጥቅምት፣ ዓባይ ሞልቶና ጭቃውን በዳርቻው ጥሎ ወደ መውረጃው በተመለሰበት ጊዜ፣ ወይዘሮ በለጡ በካርቱም ከተማ፣ በዐማራት ሰፈር፣ በሻይ ቤቷ ላይ በነገሠች በሰባተኛው ዓመት፣ ከታላቁ ሀቡብ በኋላ፣ ዘውእቱ ቀኑን አጨልሞ የሻይ ቤቱን ሰሌዳ ነቅሎ እስከ ዛሬ ወዳልታወቀ አገር ከወሰደው የአቧራ ማዕበል በኋላ፣ መዋዒ ለገሠ ወልደሥላሴ፣ ነጻሬ ሳተላይት፣ ሥዩመ ኬክሮስ ወኬንትሮስ፣ ሰው የሸሸገውን ሳጥን በጂፒኤስ ሊፈልግ ወደ አል-ማንሺያ ዘመተ። የዘመቻውም ዜና ከዚህ እንደሚከተለው ነው፤ ሻይ የያዘ ያስቀምጥ፣ የሚያወራም ዝም ይበል።

ይህ ለገሠ በአገሩ ሳለ በካርታ ሥራ ያገለገለ፣ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በመተማ በኩል ተሰድዶ ወደ ካርቱም የገባ፣ በዚህም ዘመን በአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ዕቃ ጠባቂ ሆኖ የሚኖር፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ የማይለየው ጎልማሳ ነበረ። በካርታ ሥራ አገለገለ ማለትም ቀያሾቹ በመነጽር ሲያነጣጥሩ እርሱ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ በማዶ ኮረብታ ላይ አቁሞ ይይዝ ነበረ ማለት ነው። ይህም የተከበረ አገልግሎት ነው፤ ዘንግ የሚይዝ ከሌለ ካርታ የለምና። ነገር ግን ዘንጉ በወይዘሮ በለጡ ሻይ ቤት በተነገረ ቁጥር አደገ፤ በመጀመሪያው ዓመት መነጽር ሆነ፣ በሁለተኛው ካርታ ሆነ፣ ወእምድኅረዝ ለገሠ ባይኖር ኖሮ ኢትዮጵያ ወንዞቿ በየት እንደሚፈስሱ ሳታውቅ ትቀር ነበር እስኪባል ደረሰ። ይህ በስደተኞች ዘንድ የበዛ፣ ሊወገዝ የሚገባው ልማድ ነው፤ የሚያስተባብል ምስክር ከድንበር ማዶ ስለ ቀረ ሁሉም በየወንበሩ ራሱን ይሾማል።

ይኸው ለገሠ ወይዘሮ በለጡን ለጋብቻ ጠይቋት ነበረ። እርሷም ከመጀመሪያ ባሏ የተፋታችው፣ ቤት ሠርቻለሁ ብሎ ያልሠራ፣ ወንድምሽን አስመጥቻለሁ ብሎ ያላስመጣ ሰው ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ለለገሠ እሺም እንቢም ሳትል፣ ሻዩን እየቀዳችና «እስቲ እናያለን» እያለች ከፋሲካ እስከ መስቀል አቆየችው። ልቡን አልተጠራጠረችም፤ የተጠራጠረችው ምላሱን ነበረ። ለገሠም ይህን ያውቅ ነበረ፤ እያወቀም ዝም ማለት አቃተው።

በውእቱ ዘመን ከመደብሩ ወረቀት ይገዛ የነበረ አንድ ኸዋጃ፣ ሱዳኖች ፈረንጅን እንዲህ ይጠሩታልና፣ የዐማራት ቤቱን ለቅቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ አንዲት ግራጫ ጂፒኤስ ለለገሠ አወረሰው፤ ጨዋታዋንም ነገረው። በዓለም ሁሉ ሥራ የፈቱ ሰዎች ጥቃቅን ዕቃ ያለበትን ሳጥን በድንጋይና በዛፍ ሥር ይሸሽጋሉ፤ ሳጥኑ ያለበትንም የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር በኢንተርኔት ያውጃሉ፤ ሌሎች ሥራ የፈቱ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩን በመሣሪያቸው ላይ ጽፈው፣ በመስኮቱ ላይ አቅጣጫ የምታሳየውን ቀስት ተከትለው ሳጥኑን ይፈልጋሉ። ያገኘም ሰው ስሙን በውስጡ ባለው ወረቀት ይጽፋል፣ አንድ ዕቃ ያነሣል፣ በፈንታው አንድ ዕቃ ይተዋል፣ ሳጥኑንም በነበረበት ይመልሳል። ለገሠ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በመረመረ ጊዜ በካርቱም የተሸሸገው ሳጥን አንድ ብቻ፣ እርሱም በአል-ማንሺያ፣ በዓባይ ዳር መሆኑን አገኘ።

በዓርብም ረፋድ ላይ፣ ሐበሻው ከሥራ ዐርፎ በሻይ ቤቱ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ ለገሠ ብድግ አለ፤ ነጋሪት ስላልነበረም የስኳሩን ጣሳ በማንኪያ እየመታ እንዲህ ሲል ዐዋጅ ነገረ፦

«የማንሺያን ሳጥን ዛሬ አወጣዋለሁ! ካርታ የሠራ እጅ ሳጥን አይጠፋውም! ይህችን መሣሪያ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ ሎሌዎቿ በሰማይ ናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምልክቱን ይዤ እዚህ ካልቆምሁ ለገሠ አትበሉኝ!»

ከማንቆርቆሪያዎቿ በስተጀርባ የነበረችው ወይዘሮ በለጡም ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ከዚህ ቀደም ያልተሰማ ዐዋጅ አወጣች፦

«አቶ ለገሠ፣ ሰው ሁሉ ይስማ። ሳጥኑን አግኝተው ምልክት ይዘው ከመጡ የጠየቁኝን ነገር መልስ ዛሬውኑ ይሰማሉ። ካላገኙ ግን የካርታ ወሬ በዚህ ቤት አይነሣ፤ የዚያኛውም ነገር አብሮት ያብቃ። ኻላስ! ስኳሬን ደግሞ አይምቱብኝ።»

ለገሠም ሁሉም እያየው ነበረና ጂፒኤሷን እንደ ሰንደቅ ወደ ላይ አነሣት።

ወእሉ እሙንቱ ሠራዊቱ። አንደኛ ግራዝማች ፍሬው፣ የግራው ክንፍ አዛዥ፣ ዐቃቤ ባትሪ፣ መለዋወጫ የባትሪ ድንጋዮችን በካልሲ ቋጥሮ የያዘ፤ ይህም ሰው የለገሠ የረጅም ዘመን ወዳጅ ሲሆን፣ የለገሠ ቀኝ ጆሮ በደንብ ስለማይሰማ ሁልጊዜ በግራው በኩል ስለሚቀመጥ ግራዝማች ተባለ። ቀኛዝማች ግን አልነበረም፤ የማይሰማ ምክር መምከርን የወደደ ሰው አልተገኘምና። ሁለተኛ እጀታው የተፈታ አንድ ጥቁር ጃንጥላ። ሦስተኛ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ዘይቱ ገና ያልረጋ፣ ጣዕሚያ የተባለው የባቄላ ጥብስ። አራተኛ ባለሦስት እግር ፈረስ፣ ዘውእቱ ባጃጅ፣ በሱዳኖች አጠራር ራክሻ፣ ከነነጂው፤ ነጂውም ሱዳናዊ ሲሆን ወደ ጦርነት እንደሚሄድ አልተነገረውም ነበር።

ሠራዊቱ ከመነሣቱ በፊት ግን መሣሪያዋ ሎሌዎቿን፣ ሳተላይቶቹን፣ መጥራት ነበረባት። ለገሠ በሻይ ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ፣ ጂፒኤሷን በሁለት እጁ ይዞ ቢጠብቅ፣ በመስኮቷ ላይ ባዶ ክቦች ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር አንድም ቁጥር አልመጣም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ሻይ ተቀዳ፤ እርሱም ቀዘቀዘ። ተመልካቹ ሁሉ በየተራ መሣሪያዋን እየነካ፣ አንዱ ንፋባት፣ ሌላው አራግፋት፣ ሦስተኛው በፀሐይ አሙቃት እያለ፣ ያልተጠየቀ ሰው በሚያሳየው ትጋት መከረ። በዚህም ጊዜ ወይዘሮ በለጡ ፊቷን ሳታዞር ሁለተኛውን ዐዋጅ አስነገረች፦

«እዚህ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ ሰማዩ ውጭ ነው! ሎሌዎችዎ ቢመጡስ በየት ይግቡ?»

ለገሠም አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር እንደ ነገሩት ሰው ራሱን ነቅንቆ ወጣና በጎዳናው መካከል ቆመ። መሣሪያዋ ገና በኸዋጃው አገር ያለች መስሏት ነበርና ብዙ አመነታች፤ ራሱ ጋለ፤ አላፊ አግዳሚው ወደ ሰማይ አንጋጠጠ፤ በመጨረሻ ጢጥ አለች። ቀስቲቱም ወጣች፣ ወደ ምሥራቅም አመለከተች። ሠራዊቱ ከነጃንጥላው ራክሻው ውስጥ ገባ።

ወእምዝ በጉዞው መካከል ሁከት ተነሣ። ቀስቲቱ ግንብ ምን እንደ ሆነ ስለማታውቅ፣ በሰው ግቢና በሰው ሳሎን በኩል ቀጥ ብለህ ሂድ ትል ነበርና፣ ለገሠም ነጂውን በየደቂቃው «ያላ፣ በዚህ! ያላ፣ በዚያ!» ስለሚለው፣ ነጂው በአንድ የኤምባሲ አጥር ሥር ራክሻውን አቁሞ፣ ጎዳናው ሁሉ እስኪሰማ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህ ራክሻ ነው፤ አውሮፕላን አይደለም! መንገድ ካለ እሄዳለሁ፤ ግድግዳ ግን አልወጣም!»

ስለዚህ በአል-ማንሺያ፣ ባለጠጎች ዓባይን እያዩ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ሠራዊቱ ወርዶ እግረኛ ሆነ። እዚህ ደግሞ የመሣሪያዋ ሌላ ጠባይ ታወቀ፤ ሲራመዱ የምትመራ፣ ሲቆሙ ግን አቅጣጫዋ የሚጠፋባት ነበረች። ለገሠ ለማሰብ በቆመ ቁጥር ቀስቲቱ እንደ ሰከረ ሰው ዞረች፤ ለገሠም ከቀስቲቱ ጋር ዞረ፤ ጃንጥላ የያዘው ግራዝማች ፍሬውም የግራውን ክንፍ ላለመልቀቅ ሲል በውጭ በኩል፣ በሩጫ፣ ከሁለቱ ይልቅ ሰፊውን ዙር ዞረ። ይህን ሁሉ መዲና አየች። መዲና የወሎ ልጅ ናት፤ በዚያ ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ በወይዘሮ በለጡ ቤት ሻይ የምትጠጣ ናት። በብረት በሩ መስኮት ብቅ ብላም ዐዋጇን ለቀቀችው፦

«ኧረ ጋሽ ለገሠ! ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምትሾሩት? ማዳም ከፎቅ ላይ ሆና እያየች ‹ሐበሾቹ ምን ነካቸው› ትለኛለች። ምን ልበላት? ዋላሂ፣ አላውቃቸውም አልኳት!»

ለገሠ በጦር ሜዳ ሳለ ለእንዲህ ያለው መልስ አይሰጥምና አለፈ። ሳጥኑ ቀርቦ ነበረ። መንገዱ ወደ ሰሜን በሚያቀናበት፣ የወንዙ ዳር በስተቀኝ በሚታይበት ስፍራ ሲደርሱ ግን የዛፎቹ ቅጠል ሰማዩን ሸፈነባት፤ መሣሪያዋ አንዴ ደርሰሃል፣ አንዴ አልፈሃል፣ አንዴም ገና ነህ እያለች ቃሏን መላልሳ አጠፈች። በዚያም ጥላ ሥር ሐጅ በሽር ተቀምጦ ነበረ። እርሱም የሰፈሩ ዘበኛ የሆነ ሱዳናዊ ሽማግሌ ሲሆን፣ ዐንገሬብ የሚባለውን የገመድ አልጋ እየሠራ ነበርና፣ ሁለት እጆቹና የእግሩ አውራ ጣት በገመዱ ተይዘው ነበር። ኸዋጃዎች አንዳች ነገር ሲፈልጉ አይቶ እንደ ሆነ በጠየቁት ጊዜ እንዲህ ሲል መለሰ፦

«ኸዋጃዎቹ? አዎ፣ ይመጣሉ፣ እዚያ ይንበረከካሉ፣ ይሄዳሉ። እንደየሃይማኖቱ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ሽማል፣ ያ ዞል፣ ሽማል!»

እጁ ስለ ተያዘ ማመልከት አልቻለም፤ ቱምባክ የሚሉትን ትንባሆ ከከንፈሩ ሥር ሸጉጦ ስለ ነበርም ቃሉ ተድበስብሶ ወጣ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ይቁሙ። በዐረብኛ ሸማል ቢሉ ሰሜን ነው፤ ሽማል ቢሉ ግራ ነው። የሁለቱ ልዩነት የአንዲት ፊደል ግዕዝና ሳድስ ብቻ ናት፤ ያችም ልዩነት በቱምባኩ ሥር ቀረች። ፍሬው በራክሻና በአውቶቡስ ዕለት ዕለት የሚሰማውን ቃል ሰማ። ለገሠ ግን ዐይኑ በመሣሪያዋ ግንባር ላይ ባለው የሰሜን ምልክት ላይ ነበረና፣ ያየውን ሰማ። ግራዝማች ፍሬውም ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ፦

«ጋሼ፣ ግራ ነው ያለው! ሽማል እኮ ነው ያለው! ቅድም ነጂውን ሽማል ስንለው ወዴት ታጠፈ?»

ብሎ ዐወጀ። ለገሠ ግን በጽኑ ድምፅ እንዲህ ሲል ሻረው፦

«ለራክሻ ሽማል ግራ ነው፤ በጂፒኤስ ፊት ግን ሸማል ሰሜን ነው! ግራ ሰው በዞረ ቁጥር ይዞራል፤ ሰሜን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሰሜን ደግሞ ፊት ለፊት ነው። ወደ ፊት!»

የግራውን ክንፍ አዛዥ በግራ ጉዳይ አለመስማት ታላቅ ስንፍና ነው፤ ቅጣቱም አልዘገየም። ፊት ለፊት ያለው አንድ ገበሬ ጎርፉ እንደ ሸሸ ጂርጂር የሚባለውን ቅጠል የዘራበት ደለል ነበረ፤ ላዩ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ውስጡ ገና ያልጠና። ኀያሉ ለገሠ ዐይኑን ከቀስቲቱ ሳይነቅል ገባበት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጠመ፣ ይህም ጥቂት እርጥበት ነው አለ፤ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፣ ጂፒኤሷን ከፍ አደረገ፤ ቀኝ እግሩን መንጭቆ ሲያወጣ ደለሉ ጫማውን አስቀረበትና በጂርጂሩ ላይ በግንባሩ ተዘረጋ። ጂፒኤሷን ግን በተዘረጋው እጁ ጫፍ ከጭቃው በላይ ይዟት ነበር፤ እርሷም በዚያ ሁሉ መካከል ጢጥ ትል ነበር። ግራዝማች ፍሬው ከዳር ቆሞ የጃንጥላውን ጫፍ ዘርግቶ ሲጎትተው፣ መዲና ከብረት በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጮኸች፦

«ኧረ የሰው ጂርጂር! ጋሽ ለገሠ፣ የሰው አትክልት ላይ ተኙበት! ጫማዎ! ጫማዎ ቀረ!»

ጫማውም ቀረ፤ ፈልገው አላገኙትም።

ወሶቤሃ ለገሠ በዳር ባለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ ሳለ፣ ፀሐይም ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራ ሳለ፣ ፍሬው ወደሚሰማው ጆሮው ተጠግቶ በሹክሹክታ ዐዋጅ አወጀለት፦

«ጋሼ፣ ተወው በቃ። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ጎራ እንበልና አንድ የፕላስቲክ ሳጥን እንያዝ፤ ውስጡ ቁልፍ መያዣ፣ ምናምን ጣል እናደርጋለን። ሳጥኑን አይታው አታውቅ፤ ማን ያውቃል? እኔ እንደ ሆንሁ ትንፍሽ አልልም።»

ይህ ከደለሉ የሚከፋ ማጥ ነበረ። ለገሠ ለአንድ አፍታ ገባበት። ወሬው በአፉ ውስጥ ተሰናድቶ ታየው፤ ሳጥኑ የተገኘበት ዋሻ፣ የገጠመው ዘንዶ እንኳ ታየው። ለምላሱም ከባድ አልነበረም፤ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ተናግሯል። ነገር ግን ዘንጉ ካርታ ሲሆን የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ይህኛው ግን በእርሷ ላይ የሚፈጸም ነው። እሺ ብትለው፣ በየማለዳው ሻይ ስትቀዳለት ያን የሱቅ ሳጥን እያስታወሰ መጠጣት ሊኖርበት ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ ስለ መጀመሪያው ባሏ በምታወራበት ድምፅ ስለ እርሱ ታወራ ይሆናል። ይህን ባሰበ ጊዜ በጭቃው ከመውደቁ ይልቅ አፈረ። ተነሣም፤ በአንድ ጫማና በአንድ ባዶ እግር እያነከሰ ወደ ሐጅ በሽር ተመልሶ፣ በዘመኑ ሁሉ ትልቁን ዐዋጅ ዐወጀ፦

«ያ ሐጅ፣ አልገባኝም። ሸማል ነው ያልኸኝ፣ ሽማል?»

«አልገባኝም» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን በፊት ከለገሠ አፍ ሲወጣ ሰማሁ የሚል ምስክር አልተገኘም። ሐጅ በሽርም ጭቃውን አየ፣ ባዶውን እግር አየ፣ ሳቁ አመለጠው፤ ቱምባኩን ተፋ፤ ለሳቁም ሲል ገመዱን ለቀቀና በነጻ እጁ የለገሠን ግራ ክንድ መታ አደረገው፦

«ሽማል! በዚህ በኩል! ሰሜን ማን አለህ፣ ያ ዞል? በሰሜን በኩል ያለው ጂርጂር ነው!»

በስተግራ በግንቡ ጥግ አንዲት የኒም ዛፍ ነበረች፤ ከሥሯም ሰው የደረደራቸው የሚመስሉ ድንጋዮች ነበሩ። ለገሠ ተንበረከከ፤ ሐጅ በሽር ከሩቅ «ይኸው፣ እነሱም እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለ። ከድንጋዮቹ በታች አረንጓዴ ክዳን ያለው የምግብ ሳጥን ወጣ፤ በውስጡም የፕላስቲክ ቀጭኔ፣ ብይ፣ መርፌ ከነክሩ፣ ገመድ ያላት ቀይ ፊሽካና ስም የሚጻፍበት ወረቀት ነበረ። ለገሠ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። እጁ እንደ ልማዱ «ኢንጂነር» ብሎ ሊጀምር ቃጥቶ፣ በወረቀቱ ላይ ጥቂት ተንጠልጥሎ ቆየና፣ «ለገሠ ወልደሥላሴ፣ ዘንግ ያዥ» ብሎ ጻፈ። ፍሬውም ተቀብሎ ከሥሩ «ፍሬው፣ ግራ ነው ብዬ ነበር» ብሎ ፈረመ። ለገሠ ፊሽካዋን አነሣ፤ በፈንታዋ እስክሪብቶውን ተወ፤ ሳጥኑንም በነበረበት መለሰ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆመ። ጭቃው ደርቆበት እንደ ሸክላ ይሰነጠቅ ነበር፤ ሕዝቡም ባዶ እግሩን ባየ ጊዜ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። ፍሬው ሊናገር አፉን ሲከፍት ለገሠ እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ የስኳሩን ጣሳ አየው፣ አልነካውም፤ እንዲህም ሲል ዐወጀ፦

«ሳጥኑን አግኝቻለሁ፤ ፊሽካዋ ይቺት። ግን ተሳስቼ ነበር። ግራ ሂድ ቢሉኝ ሰሜን ሄድሁ፤ የሰው ጂርጂር ላይ በግንባሬ ወደቅሁ፤ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ፍሬው ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ተመልሼ ጠይቄ ነው ያገኘሁት።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሌላ ይጨምራል ብለው ጠበቁ፤ አልጨመረም። ወይዘሮ በለጡ ከማንቆርቆሪያዎቿ ጀርባ ወጥታ ፊሽካዋን ከእጁ ተቀበለች፣ በሽርጧ ወለወለች፣ እርሱንም ከራሱ ፀጉር እስከ ባዶ እግሩ ተመለከተችው፤ ከዚያም የመጨረሻውን ዐዋጅ አስነገረች፦

«ለገሠ፣ እግርህን ታጠብና ግባ። ሽማግሌዎቹን እሑድ ላክ፤ ቤት ነኝ። ጭቃህን ግን ወለሌ ላይ እንዳታራግፍ።»

ሕዝቡም ከዐዋጁ ሁሉ ይልቅ «እግርህን» በሚለው ቃል ደነገጠ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት «እግርዎን» ሲባል የኖረ እግር ነበርና። ለገሠም ሰምቶ እንዳልሰማ ሰው የሚሰማውን ጆሮውን አዞረ፤ ደግማ «አንተን እኮ ነው» አለችው፤ ያን ጊዜ ወደ ውኃው ሄደ።

ወእምይእቲ ዕለት ፊሽካዋ በወይዘሮ በለጡ አንገት ላይ የመንግሥት ምልክት ሆና ተንጠለጠለች። በቤቱ ውስጥ የማንም ሰው ወሬ ከልኩ አልፎ ማደግ የጀመረ እንደ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ትነፋታለች፤ ተናጋሪውም ባለበት ያቆማል፤ ለገሠም እንደ ማንኛውም ሰው ያቆማል።

እንግዲህ ለገሠ ወልደሥላሴ ይወደስ! የሰማይን ሎሌዎች የጠራ፣ ከቀስቲቱ ጋር ዞሮ ያልወደቀ፣ በደለል ውስጥ መሣሪያውን ያልጣለ፣ ጫማውን ለዓባይ የገበረ፣ በግዕዝ ወድቆ በሳድስ የተነሣ! ዝናው ከማንሺያ እስከ ዐማራት ተሰማ፤ ከዐማራትም ወንዙን ተሻግሮ እስከ ኦምዱርማን፣ ከኦምዱርማንም በረሃውን አቋርጦ እስከ ግብፅ ወሰን፣ በዚያም ያሉ ነገሥታት ስሙን ሰምተው ከዙፋናቸው እስኪነሡ፣ የምድር ቀያሾችም ሁሉ መነጽራቸውን አውልቀው በፊቱ እስኪሰግዱ፣ ሳተላይቶቹም ራሳቸው መንገዳቸውን ትተው በቆርቆሮው ጣራ ላይ እስኪ—

ፊሽካዋ ተነፋች።